ቮልስንም ታንክንም የሠራው ፈርዲናንድ ፖርሽ

የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ እንደመሆኔ በዚህ እትም የአንድ መሐንዲስ ታሪክ ላካፍላችሁ። አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ቮልስን ያውቃታል። የነደፋት ሰው የጦር መሣሪያም እንደነደፈ የሚያውቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1875 በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ተወለደ። የቆርቆሮ ሠሪ ልጅ ቢሆንም ልቡ ወደ ኤሌክትሪክ አዘነበለ። በ1900 ፓሪስ ላይ ለዕይታ የቀረበችው መኪናው ሞተሮቿ በጎማዎቿ መሐል የተገጠሙ ነበሩ። ቀጥሎም የቤንዚን ሞተር ጄኔሬተር እያዞረ ለኤሌክትሪክ ሞተሮች ኃይል የሚሰጥበትን ዘዴ ሠራ፤ ዛሬ ሃይብሪድ የምንለው መሆኑ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይኸው ዘዴ ከባድ መድፎችን ጎተተ።

በ1931 ሽቱትጋርት ላይ የራሱን ቢሮ ከፈተ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የቮልስ ሥራ ተሰጠው። ጦርነቱ ሲመጣ ቮልስ ኩብልቫገን የተባለች የወታደር መኪና ሆነች። 985 ሲሲ ሞተሯ 24 የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ በአየር ስለሚቀዘቅዝ በሩሲያ ብርድ የሚረጋ፣ በሰሜን አፍሪካ በረሃም የሚፈላ ውኃ የለውም። ከ50 ሺህ በላይ ተሠርታለች።

ታንኩ ግን አልሰመረለትም። በ1942 በታይገር ውድድር በሄንሽል ተሸነፈ። አስቀድመው የተሠሩት 90 ያህል አካላት ወደ ታንክ አጥፊነት ተቀየሩና በስሙ ፈርዲናንድ ተባሉ፤ ክብደታቸው 65 ቶን፣ የፊት ብረታቸው 200 ሚሊ ሜትር፣ መድፋቸው 88 ሚሊ ሜትር። በ1943 ኩርስክ ላይ ሲሰለፉ መትረየስ ስላልነበራቸው የቀረባቸውን እግረኛ መመከት ተቸገሩ። ማውስ የተባለው የመጨረሻ ታንኩ ደግሞ 188 ቶን ይመዝን ነበር፤ ከሙከራም አላለፈም።

እኔን ያስጨነቀኝ ከቁጥሮቹ ጀርባ ያለው ነው። ፖርሽ በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል። እሱ ከመሪዎቹ አንዱ በነበረበት የቮልስ ፋብሪካ የጦር ምርኮኞች፣ ከተያዙ አገሮች የመጡ ሰዎችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች በግዳጅ ሠርተዋል። ከጦርነቱ በኋላ በፈረንሳዮች እጅ 20 ወር ገደማ ታስሮ በ1947 ተፈታ፤ በ1951 አረፈ።

አንዳንዶች መሐንዲስ የታዘዘውን ይሠራል ብለው ያልፉታል። እኔ አልስማማም። የብረቱን ውፍረት በሚሊ ሜትር የሚለካ ሰው፣ ብረቱን ማን በምን ሁኔታ እንደሚቀጠቅጠው ማየት አያቅተውም። ብዙዎቻችን ነገ ድሮን ወይም ሶፍትዌር ከሚሠሩ ድርጅቶች የሥራ ጥሪ ይደርሰናል። ደመወዙን ከመጠየቃችን በፊት ለማን፣ ለምን እንደሚውል እንጠይቅ። በሥራ ዓለም ያላችሁ ታላላቆቻችን፣ እንዲህ ያለ ምርጫ ገጥሟችሁ ከሆነ ለቀጣዩ እትም ጻፉልን። ቸር ይግጠመን!