ጆርጅ ዌስቲንግሃውስና የባቡር ፍሬን

ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1846 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በኒውዮርክ ግዛት፥ ሴንትራል ብሪጅ በምትባል መንደር ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ የእርሻ መኪናዎች ይሠራ ስለ ነበረ ልጁ በአባቱ ወርክሾፕ ውስጥ ከብረትና ከመሣሪያ ጋር አደገ። በአገሩ የርስ በርስ ጦርነት በወታደርነት ካገለገለ በኋላ ኮሌጅ ቢገባም ከሦስት ወር በላይ ሳይቈይ ወደ ወርክሾፑ ተመለሰ።

በ1866 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ሳለ ሁለት የጭነት ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጭተው አየ። ነጂዎቹ ከሩቅ ተያይተው ነበር፤ ነገር ግን በጊዜው ለማቆም አልቻሉም። በዚያ ዘመን ነጂው በፉጨት ምልክት ሲሰጥ ሠራተኞች በፉርጎዎቹ ጣራ ላይ እየሮጡ የእያንዳንዱን ፉርጎ ፍሬን በእጃቸው ያጠብቁ ነበር። በክረምት በበረዶው አዳልጧቸው ወድቀው የሞቱት ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ዌስቲንግሃውስ ባቡሩን የማቆም ኀይል በነጂው እጅ እንዲሆን ማሰብ ጀመረ።

በመጀመሪያ በእንፋሎት ሊሠራ አስቦ ነበር፤ እንፋሎት ግን በረጅም ቧንቧ ሲሄድ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል። በኋላ የሞን ሰኒ ዋሻ በአልፕስ ተራራ ውስጥ ሲቈፈር መሰርሰሪያዎቹ በታመቀ አየር እንደሚሠሩ በመጽሔት አነበበ። ከዚህም ተነሥቶ በ1869 ዓ.ም. ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ የአየር ፍሬኑን በስሙ አስመዘገበ። ነጂው አንዲት እጀታ ሲያዞር የታመቀው አየር በቧንቧ ሄዶ የፉርጎዎቹን ፍሬን ያጠብቃል።

ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት ነበረው፤ ቧንቧው ከተበጠሰ አየሩ ይወጣና ባቡሩ ያለ ፍሬን ይቀራል። ዌስቲንግሃውስ በ1872 ዓ.ም. አሠራሩን ገለበጠው። ለእያንዳንዱ ፉርጎ የራሱን የአየር ገንዳና ቫልቭ ሰጠው፤ ቧንቧውም ዘወትር በታመቀ አየር የተሞላ እንዲሆን አደረገ። ነጂው አየሩን ሲቀንስ ወይም ቧንቧው ሲበጠስ ቫልቩ ይከፈትና የገንዳው አየር ፍሬኑን ያጠብቃል። ስለዚህ የቧንቧው መበጠስ ራሱ ባቡሩን ያቆመዋል።

በ1887 ዓ.ም. ኀምሳ ፉርጎ በሚጎትቱ ባቡሮች ላይ ሲፈተን የኋለኞቹ ፉርጎዎች ዘግይተው እየቆሙ ከፊተኞቹ ጋር ስለ ተላተሙ፥ ዌስቲንግሃውስ ቫልቩን በጥቂት ወራት ውስጥ አሻሻለው። በ1893 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ባቡሮች ከሎኮሞቲቩ በሚታዘዝ ፍሬን እንዲሠሩ በሕግ አዘዘ። ዌስቲንግሃውስ በኤሌክትሪክ ሥራም ስሙን አስጠርቶ በ1914 ዓ.ም. ዐረፈ።

ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ሰው ተቀምጦ የሚነዳቸውን ትናንሽ ሎኮሞቲቮች በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የአንዳንዱ ሐዲድ ስፋት ከ18 ሳንቲሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ ነገር ግን ከኋላ ልጆች ይሳፈራሉ። በነጂው ፊት የኀይል መስጫ፥ የፊትና የኋላ መለወጫና የፍሬን እጀታ ይገጠማሉ። የፍሬኑን እጀታ እውነተኛውን አስመስሎ ለጌጥ ብቻ መትከል ቀላል ነው። አስተዋይ ሠሪ ግን ከቧንቧ፥ ከገንዳና ከቫልቭ ጋር ያገናኘዋል፤ ማያያዣው ቢበጠስ ልጆቹን የያዙት ፉርጎዎች በራሳቸው ይቆማሉ። ወጣቱ ዌስቲንግሃውስ በ1872 ዓ.ም. ያወጣው ሥርዐት በትልቁም በትንሹም ሐዲድ ላይ ያው ነው።