የቬኒሱ ሠዓሊ መርቆሬዎስ ታሪክ

ከባሕር ማዶ ወደ አገራችን መጥተው፣ በነገሥታቱ ዘንድ ተወድደው፣ በዚሁም ምድር አርጅተው ስማቸውን ካስቀሩት የውጭ አገር ሰዎች ከፊተኞቹ አንዱ ኒኮሎ ብራንካሊዮኔ ነው። የትውልድ አገሩ በውኃ ላይ የተሠራችው የኢጣልያ ከተማ ቬኒስ ናት፤ ሙያውም ሥዕል ነበረ። የአገራችን ሰዎች ግን መርቆሬዎስ ብለው ጠሩት። ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የሚሣል ሰማዕት ስለሆነ፣ ለአንድ ባዕድ ሠዓሊ ይህን ስም መስጠት ቀላል ነገር አልነበረም። ስም የሚወጣው ለቤተኛ ነው።

ብራንካሊዮኔ ባደገበት ዘመን ቬኒስ የነጋዴና የመርከብ ከተማ ነበረች። መርከቦችዋ እስከ እስክንድርያ እየሄዱ ከምሥራቅ የሚመጣውን ቅመማ ቅመምና ሐር ያመላልሱ ነበር። በዚያው ጊዜ ጆቫኒ ቤሊኒን የመሰሉ ታላላቅ ሠዓልያን በከተማዪቱ ይሠሩ ነበርና፣ ሕፃኑን የታቀፈች ድንግል ማርያምን መሣል ለቬኒስ ወጣት ሠዓሊ እንደ ፊደል መቁጠር ያለ ትምህርት ነበረ። የኢትዮጵያም ስም በኢየሩሳሌም በሚኖሩት መነኮሳቶቻችን በኩል ወደ ኢጣልያ ይደርስ ነበር። በ1470ዎቹ ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ወደ አገራችን የተላኩ የፍራንሲስካውያን መልእክተኞች በንጉሡ ከተማ ጥቂት ጣልያኖች ቀድመዋቸው ተቀምጠው አገኙ። እንግዲህ የኛ ሠዓሊ ብቻውን አልነበረም፤ ነገር ግን ከነዚያ ሁሉ የእጁ ሥራ እስከ ዛሬ የቈየለት እርሱ ነው።

የንጉሡ ከተማ ስንል ዛሬ እንደምናውቀው በድንጋይና በሲሚንቶ የቆመ ከተማ ለአንባቢ እንዳይመስለው። ያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ነበረ። ውኃው ሲጐድል፣ እንጨቱና ሣሩ ሲያልቅ፣ ሠራዊቱ ሁሉ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። የቦረና ልጆች ይህን ከማንም ይልቅ በቀላሉ ሊረዱት ይችላሉ። የቬኒሱ ሰው ግን በድንጋይ ቤት ተወልዶ በድንኳን ዘመኑን ሲፈጅ ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

የዚህን ሠዓሊ ታሪክ ለመረዳት ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የነበረውን ዘመን ማስታወስ ይገባል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ሲነግሡ ለእመቤታችን የነበራቸው ፍቅር እጅግ ብርቱ ነበር። በዓመት 33 በዓላት እንዲከበሩላት አዘዙ፤ ተአምርዋም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አደረጉ፤ ፍሬ ጽዮን የተባለው የጣና መነኩሴም ሥዕልዋን ሣለ። በሌላ በኩል ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ስላሉ ጽኑ መከራ ደረሰባቸው። ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ የሞቱትም ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የእመቤታችን ሥዕል ለዓይን ደስታ ብቻ የሚሰቀል ነገር አልነበረም። ስለ እርሱ ደም ፈስሶአል፤ ያንን ያዩ ሽማግሌዎችም ብራንካሊዮኔ ብሩሹን ይዞ ሲመጣ ገና በሕይወት ነበሩ።

ከዘርዐ ያዕቆብ ቀጥለው የነገሡት ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ናቸው። እርሳቸውም በጥንቱ የአማራ አገር አትሮንስ ማርያም የተባለችውን ቤተ ክርስቲያን አስጌጡ። በ1760ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አገራችንን የጐበኘው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ጽፎ ባቈየው ታሪክ እንደምናገኘው፣ ለዚህች ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዲሠራ የታዘዘው ቬኒሳዊው ነበረ። እርሱም በአገሩ ልማድ ድንግል ማርያም ሕፃኑን ኢየሱስን በግራ ክንድዋ ታቅፋ ሣላት።

ሕዝቡ ሥዕሉን ባየ ጊዜ ታላቅ ቁጣ ሆነ። የፈጣሪን ልጅ በግራ ማስቀመጥ ማዋረድ ነው ተባለ። ነገሩ ወደ ሁከት ሊያደርስ ምንም ያህል አልቀረውም።

ዛሬ ይህን የሚያነብ አንዳንድ ሰው ይስቅ ይሆናል። እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አይታየኝም። በነገሌ ቦረና ገበያ ወተት የምትሸጥ እናት ገንዘብዋን በግራ እጅ ብንሰጣት ፊትዋ እንዴት እንደሚለወጥ ሁላችን እናውቃለን። በያቤሎም ሆነ በሞያሌ፣ በፊልቱም ሆነ በዶሎ፣ ለእንግዳ የሻይ ብርጭቆ በግራ እጅ የሚያቀርብ ልጅ ያልሠለጠነ ተብሎ ይነቀፋል። እስላሙ በቀኝ እጁ ይበላል፤ በመጨረሻው ቀን የሥራው መጽሐፍ በቀኙ እንዲሰጠው ይጸልያል። ክርስቲያኑም በፍርድ ቀን በጐቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ እንደሚቆሙ ተምሮአል። አማርኛችን ራሱ ነገር ሲጠፋብን ግራ ገባን ያሰኘናል። እንግዲህ በአትሮንስ ማርያም የተቈጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ግራ የውርደት ወገን መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች፣ ከሁሉ በላይ የሚወዱትን በግራ ተቀምጦ ሲያዩ ልባቸው ቈሰለ። ቁስሉም እውነተኛ ነበረ።

ሠዓሊውም በበኩሉ ለመሳደብ አላሰበም። በቬኒስ ግራ ክንድ ነውር የለበትም። እናቶች ሁሉ፣ የኛም እናቶች ቢሆኑ፣ ቀኝ እጃቸው ለሥራ እንዲፈታ ልጃቸውን አብዛኛውን ጊዜ በግራ ያቅፋሉ፤ ሠዓልያኑም ያዩትን እናት ሣሉ። እንዲህ አንዱ በፍቅር የሠራውን ሌላው እንደ ስድብ ተመለከተው። በመካከላቸው አስተርጓሚ ሆኖ የሚቆም ማን ነበር? ሥዕል እንደ ቋንቋ በቃል አይተረጐምም።

ፍርዱ በንጉሡ እጅ ነበር። ሥዕሉን ማስፋቅ፣ ሠዓሊውንም አሳልፎ መስጠት ለዐፄ በእደ ማርያም ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ሕዝቡም ያመሰግናቸው ነበር። አባታቸው ስለ ሥዕል ብለው ምን ያህል ሰው እንደቀጡ እያወቁ፣ ያንኑ መንገድ ቢከተሉ ማንም አይነቅፋቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ሥዕሉን ወድደውት ነበርና ሠዓሊውን ደገፉ፤ ሥዕሉም ከቦታው ሳይነሣ ቀረ። የተቈጡት ሰዎችም ቤተ ክርስቲያናቸውን ትተው አልሄዱም። ሥዕሉ ብዙ ዘመን በዚያ ቈይቶአልና፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በፊቱ ቆመው ጸለዩ።

አንዳንድ የታሪክ ሊቃውንት ሠዓሊው የደረሰው ዐፄ በእደ ማርያም በ1471 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ነው ብለው ዘመኑን ጥቂት ወደዚህ ይገፉታል። ያ ከሆነ ዙፋኑ የሕፃኑ የዐፄ እስክንድር ነበረ፤ ምክሩም እንደ ንግሥት እሌኒ ባሉት የቤተ መንግሥቱ አስተዳዳሪዎች እጅ ነበር። ንግሥት እሌኒ የሐድያ ባላባት ልጅ ናቸው፤ የተወለዱትም ከእስላም ቤት ነው። በሁለት ሃይማኖት ቤት ያለፉ ሴት ስለ ግራና ቀኝ ምን ይሉ እንደነበር መገመት ለእኔ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ግምትን ታሪክ ማድረግ አይገባምና ወደ ሠዓሊው ልመለስ።

ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ። ሠዓሊው በተወለደባት በቬኒስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1573፣ ፓኦሎ ቬሮኔዜ የተባለ ታላቅ ሠዓሊ የጌታን የመጨረሻ ራት ሥሎ በሃይማኖት መርማሪዎች ፊት ተጠርቶ ነበር። ጥፋቱ በቅዱሱ ማዕድ ዙሪያ ውሻና ቀልደኛ፣ ጀርመናውያን ወታደሮችም ጨምሮ መሣሉ ነው። በ3 ወር ውስጥ በገዛ ገንዘቡ እንዲያርመው ተፈረደበት። እርሱ ግን ሥዕሉን ሳይነካ ርእሱን ብቻ ለውጦ በሌዊ ቤት የተደረገ ግብዣ አለውና ከነገሩ ወጣ። ይህ የሆነው የኛ ሠዓሊ አትሮንስ ማርያምን ከሣለ ከ90 ዓመት ያህል በኋላ ነው። አውሮፓ በጥበብ ሁልጊዜ ትቀድመናለች ብለው ለሚያስቡ ጓደኞቼ ሁለቱን ነገሮች ጐን ለጐን አድርገው እንዲያዩ እመክራቸዋለሁ።

መርቆሬዎስ ከዚያ ሁከት በኋላ ዕቃውን ጠቅልሎ አልሸሸም። በእርግጥ በዚያ ዘመን ወደ ንጉሡ ከተማ የገባ የውጭ አገር ሰው መሬትና ማዕርግ ቢያገኝም የመመለሻ ፈቃድ ማግኘት ይቸግረው ነበር። የፖርቱጋሉ መልእክተኛ ፔሮ ዳ ኮቪልያ እንዲህ ሆኖ በኢትዮጵያ ሚስት አግብቶ ቀርቶአል። ሠዓሊውም ቈየ። ዐፄ እስክንድር በ1486 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ኋላም ዐፄ ናዖድ ሲነግሡ፣ በ1500 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲተኩ ሁሉን አየ።

በ1512 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ አገራችን በገቡ ጊዜ ከነሱ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ቬኒሳዊ በልብነ ድንግል ከተማ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉም ስለ እርሱ ጽፎአል። በዚያ ጊዜ ሠዓሊው በአገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቋንቋውን ያውቃል፤ ሀብታምና ባለክብር ሰው ሆኖአል። አልቫሬዝ ሠዓሊ ሆኖ ሳለ እንዲህ መከበሩ ገርሞት ነበር፤ በአውሮፓ የሥዕል ሙያ ያን ያህል ክብር አልነበረውምና። አንድ ጊዜ ሥራው ሕዝብን ያስቈጣ ሰው በእርጅናው በዚያው ሕዝብ መካከል በጌትነት ተቀምጦ ተገኘ።

አትሮንስ ማርያም ኋላ በጦርነት ጠፍታለች፤ ያ ሥዕልም ከእርስዋ ጋር ጠፋ። ነገር ግን የግራው ክንድ ጉዳይ በዚያ አላበቃም። ከ1600 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሮም ታላቁ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን መምህራን አማካይነት ወደ አገራችን ገባ። በዚያ ሥዕል ሕፃኑ ያለው በግራ ክንድዋ ነው። የኛ ሠዓልያን ይህን ሥዕል ተቀብለው በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው ቀለምና በራሳቸው ዓይን ደጋግመው ሣሉት፤ ምስለ ፍቁር ወልዳ ተብሎም በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰቀለ። ኢየሱሳውያኑ በ1620ዎቹ ዓ.ም. ከአገር ሲባረሩ ሥዕሉ አብሮ አልተባረረም። የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ትርጓሜ አገኙለት። ዳዊት በመዝሙሩ ንግሥቲቱን በንጉሡ ቀኝ ስለሚያቆማት፣ እመቤታችንም በልጅዋ ቀኝ መሆን አለባት ይላሉ። ይህን መመርመር ለሚፈልግ ቀላል ነው፤ እናት ልጅዋን በግራ ክንድዋ ታቅፋ ሁለቱም ወደኛ ቢመለከቱ፣ እናቲቱ በልጁ ቀኝ ትሆናለች። የአትሮንስ ማርያም ሰዎች የተመለከቱት ከእናቲቱ በኩል ነበር፤ መምህራኑ ግን ከልጁ በኩል ተመለከቱ። በዚህ በነገሌም ሆነ በሌላው የቆላ ከተማ ወደ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው ይህንኑ ሥዕል ያያል፤ ግራው ግን ማንንም አያስቈጣም።

በአንድ ወንበር አብረን ከምንቀመጠው ተማሪዎች መካከል ሥዕል በጸሎት ቤት እንዲኖር ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት እስላም አለ፤ ግድግዳው ባዶ በሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚጸልይ ፕሮቴስታንት አለ፤ ዋቃን ያለ ምስል የሚለምን የቦረናና የጉጂ ልጅ አለ፤ ሥዕል ተሳልሞ ወደ ፈተና የሚገባም አለ። ለነዚህ ሁሉ የመርቆሬዎስ ታሪክ አንድ ዓይነት ሆኖ አይነበብም። ከመካከላችን ከቬኒሱ ሰው ጋር የሚወግን ይኖራል፤ ከተቈጣው ሕዝብ ጋር የሚያዝንም ይኖራል። ጽሑፉን ያነበበላቸው አንድ የክፍላችን ልጅ ወላጅ ሠዓሊው አስቀድሞ የአገሩን ልማድ መጠየቅ ነበረበት አሉ። ይህም ትክክል ነው።

የሠዓሊው እጅ ሥራ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በጎጃም ወፋ ኢየሱስ በተባለው ቤተ ክርስቲያን በላቲን ፊደል ስሙንና ቬኒሳዊነቱን የጻፈበት ሥዕል ተጠብቆ ቈይቶአል። ጌቴሴማኒ ማርያም በተባለችው ሌላዪቱ የጎጃም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የእርሱ ሥዕሎች ያሉበት የብራና መጽሐፍ ተገኝቶአል። ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ ዓ.ም. በበቅሎና በእግር እየተጓዙ ስሙን ካነበቡ በኋላ ሌሎችም ሥራዎች የእርሱ መሆናቸው ታወቀ። ከነዚህም አንዳንዶቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይገኛሉ። ከነገሌ እስከዚያ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ተማሪ ወደ ሙዚየሙ ጐራ ቢል፣ ባዕድ ሆኖ መጥቶ መርቆሬዎስ ተብሎ የቀረውን ሰው የእጅ ሥራ በዓይኑ ያያል።