አልፍሬድ ቬገነርና ተጓዦቹ አህጉራት

አህጉራት ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚጓዙ ዛሬ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን አሳብ በማስረጃ አስደግፎ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ያቀረበው ግን የሥነ ምድር ሰው አልነበረም። አልፍሬድ ቬገነር በሥነ ፈለክ የዶክተርነት ማዕረግ የተቀበለ፣ ሙያውም የአየር ጠባይ ጥናት የሆነ ጀርመናዊ ነበር። ይኸው ባይተዋርነቱ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስነቅፈው ኖሯል።

ቬገነር በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 1 ቀን 1880 በበርሊን ተወለደ። አባቱ ቄስና መምህር ነበሩ። በ1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በባሎን ተሳፍሮ 52 ሰዓት ተኩል በአየር ላይ በመቆየት የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዚያው ዓመትም ወደ ግሪንላንድ ዘምቶ እስከ 1908 ከረመ። የዚያች የበረዶ አገር ፍቅር ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም።

በ1910 መጨረሻ አንድ አትላስ ሲመለከት፣ የደቡብ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከአፍሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ጋር እንደ ተሰበረ ገል የሚገጥም መሆኑን አስተዋለ። ይህንስ ሌሎችም ከእርሱ በፊት አይተውታል። የቬገነር ድርሻ ከካርታው አልፎ መሄዱ ነው። ሜሶሶረስ የተባለው የጥንት ተሳቢ እንስሳ ቅሪት በደቡብ አሜሪካና በደቡባዊ አፍሪካ ብቻ ይገኛል። የበረዶ ግግር የፋቀው ዐለት በሞቃት አገሮች ይታያል፤ የድንጋይ ከሰል ደግሞ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ባለችው በስፒትስበርገን ይቆፈራል። የዘመኑ ሊቃውንት አህጉራትን ያገናኙ የነበሩ የየብስ ድልድዮች ሰጥመዋል ይሉ ነበር። ቬገነር ግን ቀላሉ የአህጉር ዐለት በከባዱ የውቅያኖስ ወለል ውስጥ ሊሰጥም እንደማይችል አስረዳ።

አሳቡን በጃንዋሪ 6 ቀን 1912 በፍራንክፈርት አሰማ። በ1914 በጦር ሜዳ ሁለት ጊዜ ቆሰለ፤ በ1915ም ስለ አህጉራትና ውቅያኖሶች አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ኢትዮጵያንም አልዘለለም። ዐረቢያን ከአፍሪካ ጋር መልሶ ለመግጠም የአፋር ሦስት ማዕዘን እንቅፋት እንደሚሆን አይቶ፣ ይህ ምድር በቅርብ ዘመን ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት የተሠራ ስለሆነ ከሒሳቡ መውጣት እንዳለበት ገለጸ። በሴፕቴምበር 2005 በዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር ተሰንጥቆ በጥቂት ቀናት እስከ 8 ሜትር ሲላቀቅ ያየ ባለሙያ የዚህን አስተያየት ዋጋ ይገነዘባል።

ነቀፋው በረታ፤ በ1926 በኒው ዮርክ በተደረገው ጉባኤም ብዙዎች ተነሡበት። በእውነቱ ከሆነ ነቃፊዎቹን ሁሉ ግትር ማለት ፍርድን ማጓደል ነው። ቬገነር አህጉራትን ይገፋሉ ያላቸው ኃይሎች እጅግ ደካሞች ነበሩ፤ ግሪንላንድ በዓመት ብዙ ሜትር ትጓዛለች ያለበት ልኬትም የተሳሳተ ነበር። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። በ1912 ጽሑፉ በአትላንቲክ መካከል የተዘረጋው የባሕር ውስጥ ተራራ ወለሉ እየተቀደደ ከሥር ትኩስ ዐለት የሚወጣበት ስፍራ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሞ ነበር። መልሱ በእጁ ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አልገፋበትም።

በ1930 በግሪንላንድ እምብርት፣ ከጠረፍ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለክረምት የሚቀመጡ ባልደረቦቹ ስንቅ እንዳያልቅባቸው ሠግቶ በውሻ ስላይድ ገሠገሠ። ከተከተሉት ግሪንላንዳውያን አብዛኞቹ ከመንገድ ተመለሱ፤ ብርዱም ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ አለፈ። ከራስሙስ ቪሉምሰንና ከፍሪትስ ሎቨ ጋር በኦክቶበር 30 ከጣቢያው ደረሰ። ሎቨ እግሩን ውርጭ ስለ መታው በዚያው ቀረ። ቬገነር የጣቢያውን ስንቅ ላለማጣበብ፣ 50 ዓመት በሞላው ቀን ከቪሉምሰን ጋር የመልስ ጉዞ ጀመረ። ጠረፍ አልደረሱም። በሜይ 1931 አስከሬኑ በጥንቃቄ ተገንዞ፣ በላዩም የበረዶ መንሸራተቻዎቹ ተተክለው ተገኘ። ይህን ያደረገለት ቪሉምሰን ግን የት እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በ1962 አሜሪካዊው ሃሪ ሄስ የውቅያኖስ ወለል ከመካከለኛው ተራራ እየፈለቀ ወደ ሁለቱም ወገን እንደሚሰፋ አስረዳ። በዓመቱ ቫይንና ማቲውስ የተባሉት እንግሊዛውያን በወለሉ ዐለት ላይ የታተመው የመግነጢስ መስመር ይህንኑ እንዴት እንደሚመሰክር አሳዩ። የቬገነር ባለቤት ኤልዜ እስከ 1992 በሕይወት ስለ ቆየች፣ የባሏ አሳብ በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ ለማየት በቅታለች።