የልጆች መካሪ ሄንሪየታ ሶልድ

ከመካከላችሁ በአሊያት ሃኖአር አዳሪ ትምህርት ቤት ያደጋችሁ ስላላችሁ ድርጅቱን የመሩትን የወይዘሪት ሄንሪየታ ሶልድን ታሪክ መረጥን።

ወይዘሪት ሄንሪየታ በ1860 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ተወለዱ። በ1912 ሐዳሳ የተባለውን የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። የወደዱት ሰው ሌላ በማግባቱ ከባድ ሐዘን ደርሶባቸዋል፤ ትዳርም ልጅም ሳይኖራቸው ኖሩ።

ልጆችን ከናዚ ጀርመን ያለ ወላጅ የማምጣቱ ሐሳብ የበርሊኗ የሬኻ ፍራየር ነው። ወይዘሪት ሄንሪየታ መጀመሪያ አልተስማሙም ነበር። ከተስማሙ በኋላ ግን በ1934፣ በ73 ዓመታቸው፣ የመጀመሪያዎቹን ልጆች ሃይፋ ወደብ ወርደው ተቀበሉ። ልጆቹ የተመደቡት እዚሁ ለአፉላ ቅርብ በሆነው በኤን ሃሮድ ኪቡጽ ነበር። ከዚያም በየመንደሩ እየዞሩ ልጆቹን ይጠይቁ፣ ከመድሪኾቻቸውም ጋር ይመክሩ ነበር። ብዙዎቹ ልጆች ወላጆቻቸውን ዳግመኛ አላዩም። ለመድሪኽ ከዚህ የሚከብድ ሥራ ያለ አይመስለንም፤ ለልጁ እናት መሆን አይችልም፣ እናቴ የት ናት ሲባልም መልስ የለውም። በ1984 እና በ1985 ከሱዳን ብቻቸውን ከመጡት የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ያደጉት በዚሁ ድርጅት ነው፤ ይህንንስ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ወይዘሪት ሄንሪየታ በ1945 በኢየሩሳሌም አረፉ። ያረፉበት ዕለት፣ ሽቫት 30፣ በእስራኤል የእናቶች ቀን ሆኖ ሲከበር ቆይቶ አሁን የቤተሰብ ቀን ይባላል።