ከወሊሶ የጠፋው ልጅ

እዚህ ሹመይሲ በምሠራበት ቤት በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ሸጋላ ነው የምባለው። ማታ ልብስ ስተኩስ ግን የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን በስልኬ ቀስ አድርጌ እከፍትና ሰው መሆኔ ትዝ ይለኛል። ዛሬ የሱን ሕይወት ላካፍላችሁ።

ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። ያደገው ወሊሶ፣ አያቶቹ ጋ ነው። አያቱ ትምህርቱ ላይ እንዲበረታ ነበር የሚመክሩት፤ በዚያን ጊዜ ዘፋኝ አዝማሪ እየተባለ ይናቃላ! እሱ ግን ጠፍቶ በእግሩ ቱሉ ቦሎ ደረሰ። መለሱት። አንድ ሌሊት አድሮ ደግሞ ጠፋ፤ ጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። ሀገር ፍቅር ጀመረ፣ ከዚያ ክብር ዘበኛ ገባ። ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታሰረ፤ ሲፈታ ዘፈኑን ቀጠለ። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። ያ የተናቀ ሥራ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት አሰጠው። በስኳር በሽታ እግሩ ተቆርጦ እንኳን በተሽከርካሪ ወንበር መድረክ ላይ ወጣ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አረፈ። መንግሥት በክብር ቀበረው።

እህቶቼ፣ እኔም ከቤት ስወጣ እናቴን ሳልሰናበት ነው። ብዙ ጊዜ በዚህ ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ማዳም ሸጋላ ብላ ስትጣራ አቤት እላለሁ፣ በልቤ ደግሞ ስሜን እጠራለሁ። ሥራችንን ቢንቁትም እኛ ራሳችንን አንናቅ።