መንገዱ የማን ነው? ሌስሊ ሆር-ቤሊሻና የብሪታንያ እግረኛ

በብሪታንያ አውቶሞቢል ከተስፋፋበት ጊዜ አንሥቶ መንገዱ የባለ መኪናው ነው ወይስ በእግሩ የሚሄደው ሰፊ ሕዝብ የሚለው ጥያቄ በመሠረቱ የመደብ ጥያቄ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 የወጣው ሕግ በሰዓት 20 ማይል የነበረውን የፍጥነት ወሰን ከቀላል ተሽከርካሪዎች ላይ አነሣ። በ1934 በመንገድ አደጋ የሞቱት 7,343 ሲሆኑ የቆሰሉት ከ230 ሺ በላይ ነበሩ፤ ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ እግረኞች ናቸው።

በዚሁ ዓመት በሚያዝያ ወሰኑን የሚመልሰው ረቂቅ ለፓርላማ ሲቀርብ፣ ሙር-ብራባዞን የተባለው ወግ አጥባቂ እንደራሴ ዶሮዎችና ውሾች እንኳ ከመኪና መሸሽን እንደተማሩ፣ ሰውም ቀስ በቀስ እንደሚለምደው ያለ አንዳች ኀፍረት ተከራከረ። የገዥው መደብ አስተሳሰብ እንዲህ ራቁቱን የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሆር-ቤሊሻ የትራንስፖርት ሚኒስትር የሆነው በሰኔ ነው። በ1893 ለንደን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ አባቱን በጨቅላነቱ ያጣ፣ በኦክስፎርድ የተማረ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ ሊበራል ፖለቲከኛ እንጂ የወዛደር ልጅ አልነበረም። ሹመቱን በያዘ ሰሞን በካምደን ሃይ ስትሪት ሲያቋርጥ አንድ የስፖርት መኪና ሊገጨው ለጥቂት ሳተው። ብዙም ሳይቆይ ጥቁርና ነጭ በተቀባ ምሰሶ ላይ የተሰካ ብርቱካንማ ሉል በየማቋረጫው ይተከል ጀመር።

ልጆች ሉሉን በድንጋይ ሰበሩት፤ ጋዜጦች ተሳለቁበት። ሚኒስትሩ ግን አልተመለሰም። በመጋቢት 1935 በከተሞች የ30 ማይል ወሰን ጸና፤ በሰኔ ለአዳዲስ ነጂዎች የመንዳት ፈተና ግዴታ ሆነ። የብስክሌት ነጂዎች ማኅበራትም ቢሆኑ ለእነርሱ ያሠራውን ልዩ መንገድ ከአውራ ጎዳናው የማባረር ዘዴ አድርገው በመቁጠር ተቃወሙት። ይህ ሥጋት መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ ባለ መኪናውን ከመግታት ይልቅ ደካማውን ወደ ዳር ማውጣት ምንጊዜም ይቀላልና።

ሰውየው ዝና ወዳድ እንደነበር መካድ አይቻልም። ካሜራ ሲያይ ፊቱን የማያዞር፣ ስሙ በየጎዳናው ሲነሣ ደስ የሚለው ነበር። ሆኖም ዝናው ለሥራው ጠቅሟል፤ ሕዝቡ ሕጉን ከነአንቀጹ ባያውቀውም ሉሉን አወቀው።

በ1937 የጦር ሚኒስትር ሆኖ የወታደሩን ሰፈር አሻሻለ፤ የመኮንኖችን የሹመት ሥርዓት ነካ፤ በዚህም ከጄኔራሎቹ ጋር ተጣላ። በጥር 1940 ከሥልጣን ሲወርድ የአይሁድ ጥላቻም ድርሻ ነበረው። በ1945 ምርጫ የፓርላማ ወንበሩን የሌበሩ ማይክል ፉት ወሰደበት።

በየካቲት 1957 የብሪታንያ ፓርላማ ልዑካንን መርቶ በሄደባት የፈረንሳይ ከተማ በራንስ ንግግር ላይ ሳለ ወድቆ ሞተ። ልጆች በድንጋይ የሰበሩት ሉል ግን እንደ ቀዩ የፖስታ ሣጥን የአገሪቱ መታወቂያ ሆኖ፣ በ1951 ከመጣው ባለ መስመር ማቋረጫ አጠገብ ዛሬም ቆሟል፤ ብሪታንያውያን የሚጠሩትም ቤሊሻ በሚለው ስም ነው።