ቅዱስ ጳውሎስ በዝናብ ቀን

በየዓመቱ ሐምሌ 5 ቀን፣ በክረምቱ ወራት የሚታሰበው ቅዱስ ጳውሎስ ዘመኑን በጉዞ የፈጸመ ሐዋርያ ነው። ለበዓለ ኃምሳ ኢየሩሳሌም ለመድረስ ሲቸኩል፣ ባልንጀሮቹ በመርከብ ቀድመውት እርሱ ከጢሮአዳ እስከ ባሕር ጠረፏ ከተማ አሶን በእግሩ ሄደ።

በኢየሩሳሌም ተይዞ፣ በቂሣርያ 2 ዓመት ታስሮ ወደ ሮም ሲላክ መርከቢቱ በመላጥያ ደሴት ዳርቻ ተሰበረች። ወታደሮቹ እስረኞቹ እንዳያመልጡ ሊገድሏቸው መከሩ፤ የመቶ አለቃው ግን ጳውሎስን ለማዳን ሲል ከለከላቸው። 276ቱም ሰዎች በደኅና ወደ ምድር ወጡ። ዝናብና ብርድ ስለ ነበረ የደሴቲቱ ነዋሪዎች እሳት አነደዱላቸው። ሐዋርያውም እስረኛ ሳለ ጭራሮ ለቅሞ በእሳቱ ላይ ጨመረ።

በኋላም ሮም ደርሶ በኔሮን ዘመን በሰማዕትነት ዐረፈ። በዝናቡ ቀን ለሌሎች የለቀማት ጭራሮ እንደ መልእክታቱ ሁሉ ፍቅሩን ትመሰክራለች።